መርፌው ሲዋሽ፦ የቆዩ መኪኖች የዳሽቦርድ ጠቋሚዎች ለምን ይሳሳታሉ? እንዴትስ ይመረመራሉ?

ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ የዓባይን በረሃ በመውረድ ወደ ደጀን የሚወጣ አሽከርካሪ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ዓይኑን ለሁለት ይከፍላል፤ ለመንገዱና ለዳሽቦርዱ። ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬኑን ይጠብቃል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱን ሲጀምር ደግሞ የሞተሩን ሙቀት ይከታተላል። ከወንዙ እስከ ደጀን ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ የሚወጣ መኪና፣ ያውም ጭነት ይዞ በቀትር ፀሐይ ሲሆን፣ ሙቀቱ መጨመሩ አይቀርም። በዚያን ጊዜ የሞተሩን ሁኔታ ለአሽከርካሪው የሚነግረው አንድ ቀጭን መርፌ ነው።

መርፌው እውነቱን ከተናገረ አሽከርካሪው ጥግ ይዞ ሞተሩን ያሳርፋል። መርፌው ከዋሸ ግን የሞተሩ ቴስታታ እስኪጣመም ወይም እስኪሰነጠቅ ድረስ ጉዞው ይቀጥላል። ጭነቱ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ለዘር ወይም ለማዳበሪያ የታሰበው ገንዘብ ለሞተር ጥገና ይውላል። ለዚህ ሁሉ ኪሳራ መነሻው አንዳንዴ የተበጠሰ አንድ ሽቦ ወይም የዛገ አንድ ብሎን ሆኖ ይገኛል።

በከተማም ሆነ በገጠር ዛሬም ድረስ የሚያገለግሉ የቆዩ መኪኖች ጥቂት አይደሉም። ላንድሮቨር፣ የድሮው ላንድ ክሩዘር፣ ቮልስዋገንና ፔጆ ከባለቤት ወደ ባለቤት፣ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፉ ይሠራሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተወስኗል። እነዚህ ውሳኔዎች በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ የመያዝን ዋጋ ከፍ አድርገውታል። ጠብቆ መያዝ ደግሞ የሚጀምረው መኪናው የሚናገረውን በትክክል ከመስማት ነው።

የቆዩ መኪኖች ጠቋሚዎች እንደ ዛሬዎቹ በኮምፒዩተር የሚታዘዙ አይደሉም። አሠራራቸው ቀላል ስለሆነ ብልሽታቸውም በቀላል መሣሪያ ሊገኝ ይችላል። አንድ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር፣ የመሞከሪያ አምፖል፣ አንድ ሜትር ያህል ሽቦና የብርጭቆ ወረቀት ለአብዛኛው ምርመራ ይበቃሉ።

ከሁሉ በፊት፦ አንዱ ነው ወይስ ሁሉም?

ምርመራው የሚጀምረው መሣሪያ በማንሳት ሳይሆን በማስተዋል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ “ስህተቱ የታየው በአንድ ጠቋሚ ላይ ነው ወይስ በብዙዎቹ?” የሚል መሆን አለበት።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ጠቋሚዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ከሞቱ ጥፋቱ በጋራ በሚጠቀሙበት መስመር ላይ ነው። ስለዚህ በቅድሚያ ፊውዙ፣ ከቁልፉ የሚመጣው የኤሌክትሪክ መስመርና ከዳሽቦርዱ ጀርባ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው የግራውንድ ሽቦ ይታያሉ። ፊውዙ ሳይቃጠል እግሮቹ ዝገው ኤሌክትሪክ ሊያግዱ ይችላሉ፤ አውጥቶ መጥረግ ብቻውን መፍትሔ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ፊውዙ በተደጋጋሚ የሚቃጠል ከሆነ ግን በሌላ ወፍራም ሽቦ መተካት አደገኛ ስህተት ነው። ፊውዝ የሚቃጠለው አንድ ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር ስለተነካካ ሊሆን ይችላል፤ ወፍራም ሽቦ ከተተካበት የሚቃጠለው የመኪናው ሽቦ ራሱ ይሆናል።

የነዳጅና የሙቀት ጠቋሚዎች ብቻ አንድ ላይ ከተሳሳቱ ተጠርጣሪው ሌላ ነው። በላንድሮቨርና በሌሎች የቆዩ የእንግሊዝ መኪኖች ከዳሽቦርዱ ጀርባ የቮልቴጅ ማረጋጊያ የሚባል ትንሽ ቆርቆሮ ሣጥን አለ። የባትሪው ኃይል ሞተሩ ሲቆምና ሲነሳ ይለዋወጣል፤ ማረጋጊያው ግን ለሁለቱ ጠቋሚዎች በአማካይ 10 ቮልት ያህል ብቻ እንዲደርሳቸው ያደርጋል። በውስጡ ሲሞቅ የሚታጠፍ የብረት ምላስ አለ፤ እሱ እየተገናኘና እየተለያየ ኃይሉን ይመጥናል። ምላሱ ተለያይቶ ከቀረ ሁለቱም መርፌዎች ከዜሮ አይነሱም። ተጣብቆ ከቀረ ወይም የማረጋጊያው ግራውንድ ከላላ ሁለቱም ከልክ በላይ ከፍ ይላሉ። ነዳጁም ሙላት፣ ሞተሩም ቃጠሎ መስሎ ይታያል።

ማረጋጊያውን በመሞከሪያ አምፖል መፈተሽ ይቻላል። ጤነኛ ከሆነ በመውጫው ላይ የተያያዘው አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል። ሳይቋረጥ ከበራ ወይም ጨርሶ ካልበራ ተበላሽቷል ማለት ነው። አዲስ ከመግዛት በፊት የተሰቀለበትን ብሎንና ሥፍራውን በብርጭቆ ወረቀት መጥረግ ተገቢ ነው፤ ግራውንድ የሚያገኘው በዚያ በኩል ነውና።

የነዳጅ ጠቋሚ፦ ከተንሳፋፊው እስከ መርፌው

በነዳጅ ማጠራቀሚያው ውስጥ ከነዳጁ ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ተንሳፋፊ አለ። ተንሳፋፊው በክንድ አማካኝነት የኤሌክትሪክ ማገጃ ላይ ይንሸራተታል። በአብዛኞቹ የቆዩ የእንግሊዝ፣ የጀርመንና የጃፓን መኪኖች ማጠራቀሚያው ሲሞላ ማገጃው ይቀንሳል፤ መርፌው ወደ ሙላት ይሄዳል። ሲጎድል ማገጃው ይጨምራል፤ መርፌው ይወርዳል። በአንዳንድ የአሜሪካ መኪኖች ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ስለሆነ የመኪናውን ዓይነት ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከዚህ አሠራር አንድ ቀላል ሕግ ይገኛል። ወደ ተንሳፋፊው የሚሄደው ሽቦ ከተበጠሰ መርፌው ሁልጊዜ ባዶ ያሳያል። ሽቦው ተልጦ ከሻሲው ጋር ከተነካካ ደግሞ ሁልጊዜ ሙሉ ያሳያል። ከሁለቱ ይበልጥ የሚጎዳው የሚያጽናናው ውሸት ነው። ባዶ የሚያሳየው መርፌ አሽከርካሪውን ያሰጋዋል፤ ሙሉ የሚያሳየው ግን ማደያ እያለፈ እንዲሄድ ያደርገዋል። ምጥ የያዛትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ ይዞ የወጣ መኪና በሌሊት መንገድ ላይ ነዳጅ ቢጨርስ የሚከተለውን ማሰብ አያዳግትም።

ምርመራው እንዲህ ይከናወናል። ቁልፉ ጠፍቶ ሳለ በማጠራቀሚያው ላይ ካለው የተንሳፋፊ መሣሪያ ሽቦው ይነቀላል። ጫፉ ምንም ሳይነካ ቁልፉ ሲከፈት መርፌው ባዶ ላይ መቆም አለበት። ከዚያ ቁልፉ እንደገና ይዘጋና የሽቦው ጫፍ በተጨማሪ ሽቦ ከማጠራቀሚያው ርቆ ከሻሲው ጋር ይታሰራል። አሁን ቁልፉ ሲከፈት መርፌው ቀስ ብሎ ወደ ሙላት መጓዝ ይኖርበታል፤ መጓዝ እንደጀመረ ጫፍ ሳይደርስ ቁልፉን መዝጋት ጠቋሚውን ከጉዳት ይጠብቀዋል። ሽቦውን ሁልጊዜ ቁልፉ ጠፍቶ ሳለ ማሰርና መፍታት የግድ ነው። ከቤንዚን ማጠራቀሚያ አጠገብ የምትፈነጠቅ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ መኪናውንም ሰውንም ልታጠፋ ትችላለች።

መርፌው በዚህ ሙከራ በትክክል ከተንቀሳቀሰ ጠቋሚውና ሽቦው ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ያለው በተንሳፋፊው መሣሪያ ወይም በግራውንዱ ነው። መርፌው ፈጽሞ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ሙከራው በዳሽቦርዱ ጀርባ፣ በራሱ በጠቋሚው እግር ላይ ይደገማል። እዚያ ሲሞከር ከሠራ በመካከል ያለው ሽቦ ተበጥሷል። እዚያም ካልሠራ ወደ ጠቋሚው ኃይል መድረሱ በመሞከሪያ አምፖል ይረጋገጣል፤ ኃይል እየደረሰው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ጠቋሚው ራሱ ተበላሽቷል ማለት ነው። ጠቋሚውን በቀጥታ ከባትሪ ጋር በማገናኘት መሞከር ግን ያቃጥለዋል።

ማጠራቀሚያው ሞልቶም መርፌው ዝቅ ብሎ የሚቀር ከሆነ ሁለት ምክንያቶች ይጠረጠራሉ። አንደኛው የግራውንዱ ዝገት ነው። ሁለተኛው ተንሳፋፊው ተበስቶ ነዳጅ በውስጡ መግባቱ ነው፤ ሲነቀነቅ ፈሳሽ ከተሰማበት መተካት አለበት።

በቮልስዋገን በኩል ታሪኩ ለየት ይላል። ከ1961 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩት የነዳጅ ጠቋሚ አልነበራቸውም፤ አሽከርካሪው ነዳጅ ሲያልቅበት በእግሩ አጠገብ ያለውን የመጠባበቂያ ማዞሪያ ይከፍት ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት መርፌውን የሚጎትተው ኤሌክትሪክ ሳይሆን ቀጭን ገመድ ሆነ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው በኤሌክትሪክ የተተካው። በገመድ የሚሠራውን ቮልስዋገን ይዞ ሽቦ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው፤ ገመዱ መበጠሱን ወይም መድረቁን ማየት ይበቃል።

የሙቀት ጠቋሚ፦ ሲወርድም የሚያስፈራው

የሙቀት ሴንሰሩ በሞተሩ ውኃ ውስጥ የተነከረ ነው። ውኃው ሲሞቅ የሴንሰሩ ማገጃ ይቀንሳል፤ መርፌው ይወጣል። ምርመራውም ከነዳጁ ጋር ተመሳሳይ ነው፤ ሽቦው ሲነቀል መርፌው ቀዝቃዛ፣ ከሻሲ ጋር ሲገናኝ ሙቅ ማሳየት አለበት። ሴንሰሩ ራሱ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ተፈትቶ በድስት ውኃ ውስጥ በማሞቅ ሊፈተሽ ይችላል። ውኃው እየሞቀ ሲሄድ በቴስተር የሚነበበው ማገጃ ያለማቋረጥ መውረድ ይኖርበታል።

ሴንሰሩ ውኃ እንዳያፈስ በማሰብ ጥርሱን በብዙ ፕላስቲክ ቴፕ መጠቅለል የተለመደ ነው። ነገር ግን ሴንሰሩ ግራውንድ የሚያገኘው በጥርሱ በኩል በመሆኑ ቴፑ ኤሌክትሪኩን ሊያግደው ይችላል፤ መርፌውም ሞተሩ ከሆነው በታች ቀዝቃዛ ያሳያል።

ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። ራዲያተሩ ፈስሶ ውኃው ከጎደለ ሴንሰሩ የሚቀረው በአየርና በእንፋሎት ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ እየነደደ ሳለ መርፌው ሊወርድ ይችላል። ዳገት ላይ እያለ ከፍ ብሎ የነበረ መርፌ በድንገት ከወደቀ “ተመስገን፣ ቀዘቀዘ” ብሎ መቀጠል ሳይሆን ወዲያውኑ ቆሞ ማየት ይገባል።

የደጋው ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ውኃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል። 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ባሕር ዳር ግን በ94 ዲግሪ አካባቢ፣ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደብረ ብርሃን ደግሞ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይህን ክፍተት የሚሸፍነው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ውኃውን በግፊት ይዞ የመፍላቱን ጊዜ ያዘገያል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ በደጋ መንገድ ላይ መርፌው ቀዩን መስመር ሳይነካ ውኃው ሊፈላ ይችላል። ስለዚህ መርፌው ደህና ሆኖ ሞተሩ እንፋሎት ከተፋ መጀመሪያ ክዳኑ ይጠርጠር። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑን መክፈትም ሆነ በነደደ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መጨመር ፈጽሞ አይገባም፤ የመጀመሪያው ሰውን ያቃጥላል፤ ሁለተኛው ሞተርን ይሰነጥቃል።

በአንዳንድ የቆዩ መኪኖችና ትራክተሮች የሙቀት ጠቋሚው ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ከሞተሩ እስከ ዳሽቦርዱ የተዘረጋ ቀጭን የመዳብ ቱቦ በውስጡ ያለው ፈሳሽ በሙቀት ሲተን መርፌውን ይገፋዋል። ይህ ቱቦ ከታጠፈ ወይም ከተቆረጠ ጠቋሚው ከነቱቦው ይተካል።

የዘይት መብራት፦ መጀመሪያ ማመን፣ ቀጥሎ መመርመር

ለሌሎች ጠቋሚዎች የሚሠራው ጥርጣሬ ለዘይት ግፊት አይሠራም። የዘይቱ መብራት በጉዞ ላይ ከበራ ወይም መርፌው ከወደቀ መብራቱ ትክክል ነው ብሎ ሞተሩን ወዲያውኑ ማጥፋት ይገባል። ዘይት ያጣ ሞተር ለመበላሸት ከደቂቃዎች በላይ አያስፈልገውም።

መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ የዘይቱ መጠን በመለኪያው ዘንግ ይታያል። መጠኑ ትክክል ከሆነ ሞተሩን እንደገና ሳያስነሱ መካኒክ መጥራት የተሻለ ነው። በጋራዥ ውስጥ ሴንሰሩ ተፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ይገጠማል። መለኪያው በቂ ግፊት ካሳየ ጥፋቱ የሴንሰሩ ወይም የሽቦው ነው፤ ካላሳየ ደግሞ መርፌው ባለቤቱን ከከባድ ወጪ አድኖታል።

መብራቱ ፈጽሞ አለመብራቱም ጥሩ ምልክት አይደለም። ቁልፉ ሲከፈት የዘይት መብራቱ መብራት፣ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለበት። ሲከፈት ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ሽቦው ተበጥሷል፤ በአደጋ ጊዜም አይናገርም።

የባትሪ ቻርጅና የቮልስዋገን ቀይ መብራት

ጤነኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በቴስተር 12.6 ቮልት አካባቢ ይነበባል። ሞተሩ ሲሠራ 14 ቮልት አካባቢ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ቺንጋው፣ ዲናሞውና የባትሪው እግሮች ይታያሉ። አንዳንድ የቆዩ ቮልስዋገኖች ባለ 6 ቮልት እንደሆኑ መዘንጋት አይገባም። በቆዩ የእንግሊዝ መኪኖች ውስጥም የባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ከሻሲ ጋር የታሰረባቸው ስላሉ፣ ባትሪ ከመቀየር በፊት የነበረውን አያያዝ አይቶ መያዝ ያስፈልጋል።

በብዙ መኪኖች የቻርጅ መብራቱ አምፖል ዲናሞው ሥራ እንዲጀምር የሚረዳውን መነሻ ኃይል ያሳልፋል። አምፖሉ ከተቃጠለ ጤነኛ ዲናሞ ባትሪውን ላይሞላ ይችላል። ርካሽ አምፖል ሳይታይ ውድ ዲናሞ የሚገዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ቮልስዋገን ላይ ይህ ቀይ መብራት ሁለት ትርጉም አለው። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ሲሆን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ የተገጠመው በዲናሞው ዘንግ ላይ ነው። ስለዚህ ቺንጋው ከተበጠሰ ባትሪው ብቻ ሳይሆን ሞተሩም አየር ያጣል። የሙቀት ጠቋሚ የሌለው በመሆኑ ብቸኛው ማስጠንቀቂያ ይህ መብራት ነው። መብራቱ በጉዞ ላይ ከበራ “ባትሪው እስከ ቤት ያደርሰኛል” ብሎ መንዳት ሞተሩን መቅበር ነው። ትርፍ ቺንጋ በመኪናው ውስጥ መያዝ ይህን ጭንቀት ያስቀራል።

የቻርጅ መጠንን በመርፌ የሚያሳይ አምፔር መለኪያ ባላቸው መኪኖች ደግሞ የመኪናው ዋና ኃይል በጠቋሚው ውስጥ ያልፋል። የላላ ብሎን ሙቀት ከዚያም እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል የባትሪው ሽቦ ሳይነቀል ከጀርባው እጅ ማስገባት አይገባም።

የፍጥነት መርፌ ሲወዛወዝ

በቆዩ መኪኖች የፍጥነት ጠቋሚውን የሚያዞረው ከማርሽ ሳጥኑ የሚመጣ ተሽከርካሪ ገመድ ነው፤ በቮልስዋገን ግን የሚመጣው ከፊት ግራ ጎማ ነው። መርፌው የሚወዛወዝና ድምፅ የሚሰማ ከሆነ ገመዱ ደርቋል ወይም ተጣምሟል። መርፌውና የኪሎ ሜትር ቆጣሪው አንድ ላይ ከቆሙ ገመዱ ተበጥሷል። መርፌው እየሠራ ቆጣሪው ብቻ ከቆመ ችግሩ በጠቋሚው ውስጥ ባሉ ጥርሶች ላይ ነው። ገመዱ ሲቀባ ግራሱ ስስ ሆኖ በታችኛው ክፍል ላይ ብቻ ቢሆን ይመረጣል፤ ከበዛ ወደ ላይ ወጥቶ ጠቋሚውን ያበላሻል። ከመጀመሪያው የሚበልጥ ጎማ የተገጠመለት መኪና ደግሞ መርፌው ከሚያሳየው በላይ እየፈጠነ እንደሚሄድ ማወቅ ለአሽከርካሪውም ለእግረኛውም ይጠቅማል።

ዕቃ ሲገዛ፣ መኪና ሲያድር

ሴንሰርና ጠቋሚ የተጣመሩ ናቸው። በአዲስ አበባ ሱማሌ ተራም ሆነ በክልል ከተሞች ከሚገኙ ያገለገሉ ዕቃ ሻጮች የሚገዛ የሌላ መኪና ሴንሰር በቦታው በትክክል ሊገጥም ይችላል፤ ማገጃው ግን ከተለየ መርፌው መዋሸቱን ይቀጥላል። አሮጌውን ዕቃ ይዞ ሄዶ በቴስተር አነጻጽሮ መግዛት ገንዘብ ያድናል።

በገጠር መኪና የሚያድረው ብዙ ጊዜ ከእህል አጠገብ ነው። እህል ባለበት አይጥ አይጠፋም፤ አይጥ ደግሞ የሽቦ ልባስ ይቆረጥማል። መኪናውን ከጎተራ አራቅ አድርጎ ማቆምና በየጊዜው ኮፈኑን ከፍቶ ሽቦዎቹን ማየት ይጠቅማል። ክረምት ሲወጣ የግራውንድ ብሎኖችን ፈትቶ ዝገታቸውን መጥረግም ብዙ ብልሽት ያስቀራል።

ረጅም ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ቁልፉን ከፍቶ መብራቶቹ ሁሉ መብራታቸውን፣ ሞተሩን አስነስቶ መጥፋታቸውን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ጠቋሚው እስኪጠገን ድረስ ደግሞ ነዳጅን በተሞላበት ኪሎ ሜትር ማስላት፣ ውኃንና ዘይትን ጠዋት ጠዋት በዓይን ማየት ይገባል። “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚለው የአበው ምክር ለሞተርም ይሠራል። በጊዜው የተጠረገ አንድ ብሎን የዓባይን ዳገት ጀምሮ ደጀን ላይ በሰላም ለመድረስ ይበቃ ይሆናል።